ስሙ ያልተጠየቀው እንግዳ

ወይዘሮ አልጋነሽ እንግዳ ካልበላላት እህል የማትቀምስ ሴት ነበረች። ሁልጊዜ አይደለም፤ ሁልጊዜማ ቢሆን በዚያ ዘመን በረሃብ አልቃ ነበር። ወር በገባ በሰባት፣ በሥላሴ ቀን ብቻ ነው። ያን ዕለት ማልዳ ሥላሴ ትስማለች፣ አስቀድሳ ወደ ሰፈሯ እሪ በከንቱ ትወርዳለች፣ ዳቦዋን ቆርሳ ሽሮዋን ሠርታ በሯን ወለል አድርጋ ከፍታ ትቀመጣለች። የማታውቀው ሰው ገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ከገበታዋ ካልጎረሰ እሷም አትጎርስም።

ይህን ያስያዘቻት እናቷ ናት፤ እናቷ ደግሞ የያዘችው ከአብርሃም ነው። ታሪኩን ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተነዋል። ሰይጣን የአብርሃም እንግዳ ተቀባይነት ቢያንገበግበው ራሱን ፈንክቶ፣ ደሙን እያዘራ መንገድ ላይ ቆመና "ወደዚያ አትሂዱ፣ አብርሃም እንደ ድሮው አይደለም፣ ደብድቦ ዘርፎ ሰደደኝ" እያለ መንገደኛውን ሁሉ መለሰው። አብርሃምም ያለ እንግዳ አልበላም ብሎ ጦሙን ሰነበተ፤ በመጨረሻ ሥላሴ ራሳቸው እንግዳ ሆነው ከድንኳኑ ደጅ ቆሙ። በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት እኛ ሰፈር ሰይጣን ራሱን መፈንከት አላስፈለገውም። ቀበሌው ነበረለት።

ቤቱም ቢሆን በእንግዳ የቆመ ቤት ነው። ባሏ በርሄ ከእንደርታ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲገባ አንድ ዘመድ አልነበረውም። ዝናብ አባሮት የእናቷ ደጅ ላይ ቆመና በዚያ ትግርኛ ትግርኛ በሚለው አማርኛው "ቤቶች፣ የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ" አለ። እናቷም "ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ" አለችው። ገብቶ በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተኛ፤ ከዚያ መደብ የተነሣው ሙሽራ ሆኖ ነው ማለት ይቻላል። ፒያሳ ከአንድ አርመን ዘንድ ጫማ መስፋት ለመደ፣ አልጋነሽን አገባ፣ የቤቱ ሰው ሆኖ ኖረ። አማቱ ስሙን የጠየቀችው እንኳ በማግሥቱ ቁርስ ላይ ነበር። የቤቱ ደንብ እንዲህ ነው። እንግዳ በልቶ ጠግቦ ሳያድር ስሙ አይጠየቅም፣ ከየት መጣህም አይባልም። ስም ከጠየቁ መምረጥ ይመጣል፤ አብርሃም ደግሞ አልመረጠም።

በርሄና አልጋነሽ አንድ ልጅ ወለዱ፣ አጽብሐ። የልጁ ግራ እግር ከቀኙ ጥቂት አጠር ብላ ስለ ተፈጠረች አባቱ በየጊዜው ለእሱ ብቻ የሚሆን ጫማ ይሰፋለት ነበር፤ የግራው ሶል ከቀኙ በጣት ያህል የወፈረ። ያን ጫማ ሲያደርግ አጽብሐ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ያላወቀ ሰው ማነከሱን አይጠረጥርም። በርሄ ሊሞት ሰሞን የመጨረሻውን ጫማ ሲሰፋ ልጁ አድጎ ይደርስበታል ብሎ ልኩን ከፍ አደረገው። ደረሰበትም። በሚያዝያ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ፣ ገና ትምህርቱን ሳይጨርስ፣ በዚያው ጫማ ነው ከቤቱ የወሰዱት።

"ለትንሽ ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል" አሏት። ያን ጊዜ ይህን ቃል ሰምታ የልጇን ምሳ ሳታነሣ የጠበቀች እናት ስንት ነበረች። አልጋነሽ ወደ እስር ቤቱ ስንቅ ማመላለስ ያዘች። ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስላት ደስ ይላታል፤ በልቷል ማለት ነዋ። አንድ ቀን ግን እንደ ሞላ ተመለሰላት። በር ላይ የቆመው ወታደር ዓይኗን ሳያይ "ተዛውሯል" አላት። "ወዴት?" ብትለው "ተዛውሯል አልኩ እኮ" አለና ከኋላዋ ወደ ተሰለፈችው ሴት ዞረ። ከዚያ ወዲህ ልጅሽ አለ ወይም የለም የሚላት ሰው አጣች።

ስለዚህ ከሥላሴ ጋር ተዋዋለች። እኔ የሰው ልጅ ላብላ፣ አንተም የኔን ልጅ የሚያበላው ሰው አታሳጣው፤ ይህ ነበር ውሏ። የአጽብሐ ነፍስ በእሷ ገበታ ላይ የተንጠለጠለች ያህል ተሰማት። ይህ እምነት ነው ወይስ ጭንቀት ብሎ የሚመራመር ካለ፣ እሱ ልጁ "የተዛወረበት" ሰው አይመስለኝም።

ክፋቱ፣ የሚበላላት ጠፋ። ቀበሌው የማያውቀውን ሰው ቤቱ ያሳደረ፣ ያሳደረውንም ያላስመዘገበ፣ አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበታል ብሎ በድምፅ ማጉያ አስነገረ። ከዚያ በኋላ እንግዳ የሚባል ፍጥረት ከእሪ በከንቱ ድራሹ ጠፋ። የቆሎ ተማሪው ቀረ፣ ዘመድ ፍለጋ ከገጠር የሚመጣው ቀረ። የግንቦት ሥላሴ ዕለት አልጋነሽ በሯን ከፍታ ውላ ጦሟን አደረች። የሰኔ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከሚለምኑት አንዱን ዓይነ ስውር እጁን ይዛ እቤቴ እንሂድ ብትለው "እማማ እዚሁ ይስጡኝ" አላት። "እኔ ዓይኔን እንጂ ጆሮዬን አላጣሁም፤ አዋጁን ሰምቻለሁ።" ዳቦውን ሰጥታው እንደገና ጦሟን አደረች። ጦሙ አልነበረም ያንገበገባት። ልጄም አልበላም ማለት ነው እያለች ነበር የምትብሰለሰለው።

ከሁሉ ይልቅ የምትፈራው ንጋትን ነበር። መርዶ ማታ አይነገርም። ሰውየው በልቶ ይደር፣ ይህችን ሌሊት እንኳ ይተኛ ይባልና፣ ጎረቤትና ዘመድ ጎህ ሲቀድ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። ስለዚህ አልጋነሽ ሰማዩ ሲገረጣ ትነቃና ከመንገድ ኮቴ በሰማች ቁጥር ትራሷን ታቅፋ ትንፋሿን ትውጣለች። ለውሃ የምትወጣውን የጎረቤቷን የእፀገነትን ባልዲ ድምፅ ስትሰማ ነው፣ ዛሬም አልመጡም ብላ የምትነሣው። እንዲህ እየሆነች ሐምሌ ደረሰ።

ሐምሌ ሰባት የዓመቱ ሥላሴ ነው። ዝናቡ ከቅዳሴ ጀምሮ አላባራም። አልጋነሽ ነጠላዋ በስብሶ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች፣ እንደ ወትሮው ሁሉን አሰናድታ በሩን ከፈተችና ቁጭ አለች። ቀትር አለፈ፣ ሰው የለም። ማምሻው ደረሰ፣ ሰው የለም። የሰዓት እላፊው ጊዜ ሲቃረብ እፀገነት ብቅ አለች።

"በማርያም ዝጊው" አለቻት። "ጥበቃዎቹ ሲያልፉ ክፍት በር ቢያዩ ምን ይላሉ?"

"ሽሮ ሸተተን ይላሉ።"

"ትቀልጃለሽ እንዴ አልጋነሽ?"

"ምን የምቀልድበት አንጀት አለኝ። ሦስተኛ ወር ነው እፀገነት። ዛሬም ሰው ካልበላልኝ ልጄን እኔው በእጄ ገደልኩት።"

እፀገነትም አንድ ወንድ ልጅ አላት፤ አገር ቤት ልካ ደብቃዋለች፤ የሚያበላው ሰው እንዳያጣ እሷም ትሳልለታለች። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤቷ ገባችና በሯን ቀረቀረች።

አልጋነሽ መብራቷን ለኮሰች። ለመዝጋት ልትነሣ ስትል ከጭቃው ላይ አንዱ እግር ከበድ፣ አንዱ ቀለል የሚል አረማመድ ሰማች። አንድ ሰው እያነከሰ ከደጇ ደረሰና ቆመ። ዕድሜው ከአጽብሐ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ኮቱ የሱ ልክ አይደለም፣ ጢሙ አድጓል፣ ውሃው ከፀጉሩ ይንጠባጠባል።

"ቤቶች" አለ። "የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ።"

"ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ" ለማለት እንባዋ ቀደማት። እጁን ይዛ አስገባችውና መደቡ ላይ አስቀመጠችው። በሳፋ ለብ ያለ ውሃ አምጥታ ከፊቱ ተንበረከከች። እሱ እግሩን ወደ ኋላ ሳበ።

"ተዉ እማማ፣ እኔው እታጠባለሁ።"

"የኔ ልጅ፣ ይህን አትከልክለኝ" አለችና የቀኙን ማሰሪያ ፈታች። የግራውን ፈትታ ስታወልቅ ጫማው እጇ ላይ ከበዳት።

ሶሉ ወፍራም ነበር። ጭቃውን በአውራ ጣቷ ጠረገችው። የበርሄ ስፌት ነው፤ ተረከዙ ላይ ድርብ አድርጎ የሚያስኬደው ስፌት። ከዚያ የበለጠ ምስክር አልፈለገችም። ልጇን ቀጥ አድርጎ ያስኬድ የነበረ ጫማ ነው ይህን ሰው እያነከሰ ያመጣው።

ያን ጊዜ የተሰማትን እንዴት ብዬ ልናገረው። ማንም እናት ብትሆን ጉሮሮውን አንቃ "ልጄ የታለ!" ትል ነበር። ይህ ሰው ጫማውን ከየት አመጣው? ሰጥቶት ነው? ቀምቶት ነው? ከሬሳ ላይ አውልቆ ነው? ጥያቄው ምላሷ ላይ መጥቶ ቆመ። እዚያው ላይ ደግሞ እናቷ መጥታ ቆመችባት፤ በልቶ ሳይጠግብ አይጠየቅም። ብትጠይቀውና ደንግጦ ቢወጣ እንግዳዋ ሳይበላ ሄደ ማለት ነው፤ ውሉ ፈረሰ፣ ልጇም የሚያበላው አጣ ማለት ነው። የልጇ ጫማ ፊቷ ተቀምጦ እንኳ ልጇን የምታድነው በዚያች ጉርሻ ነው ብላ ታምን ነበር። ሰው ሲጨንቀው የሚይዘው ገመድ እንዲህ ነው።

ማደሩን ግን አልጠብቅም ብላ ቆረጠች። በልቶ እጁን ይታጠብ ብቻ፣ ያኔ እጠይቀዋለሁ። እናቴም በመቃብሯ ይቅር ትበለኝ።

እግሩን አጠበችው፣ በነጠላዋ አደረቀችው። ጫማዎቹን ከምድጃው አጠገብ አስደገፈቻቸው። ተነሥቶ ወደ ገበታው ሲሄድ በባዶ እግሩ ደህና አድርጎ ተራመደ፤ ማነከስ የሚባል ነገር የለበትም። ግድግዳው ላይ ከሥላሴ ሥዕል ሥር የአጽብሐ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። እንግዳው ፎቶውን አየ። አየና ቶሎ ብሎ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። አልጋነሽ ይህን ሁሉ ተመለከተች፣ ግን እንጀራውን ዘረጋች።

የተራበ ሰው ነው፤ ጉንጩ ገብቷል። አበላሉ ግን የተራበ ሰው አበላል አልነበረም። አንድ ጉርሻ አፉ ውስጥ ይዞ ይቆያል፣ በግድ ይውጠዋል፣ ቀና ብሎ ያያታል፣ አንድ ነገር ሊል አፉን ይከፍታል፣ ወደ ጨለመው ደጅ ይመለከትና ይተወዋል። አልጋነሽ አፍሮ መሰላት። ጠቅልላ አጎረሰችው።

"ብላ ልጄ። ሆድህን አትለምነው፣ ብላ።"

ጉርሻዋን ተቀብሎ ሲያላምጥ እንባው ወረደ። "እግዜር ይስጥልኝ እማማ" አለ። "ስለዚህ ቤት የሰማሁት ሁሉ እውነት ነው።"

ከማን ሰማህ ልትል ነበር። ከንፈሯን ነከሰችና ሁለተኛ ጠቀለለች። ጥቂት ጉርሻ ነው የቀረው፣ ጥቂት ብቻ፤ ቶሎ እንዲጨርስ በልቧ ትጎተጉተዋለች። ሐሳቧ ሁሉ እሱ አፍ ላይ ነበርና በሩን መዝጋት ረሳች። የመብራቷ ብርሃን እስከ ጭቃው መንገድ ድረስ ተዘርግቶ እያለ ነው ጥበቃዎቹ የደረሱት።

ከፊት ሆኖ የገባው ከተማ ነው፣ የቀበሌው የጥበቃ ጓድ መሪ። ጠመንጃውን እንዳነገተ ዝናቡን አራገፈ። ሁለት ሆነው የተከተሉት በሩን ዘግተው ቆሙ።

"ማነው ይሄ?"

"እንግዳ ነው" አለች አልጋነሽ።

"እንግዳ መሆኑንማ አየሁት። ስሙ ማነው፣ ጓድ አልጋነሽ?"

"ገና አልበላም እኮ።"

"ስሙና ሆዱ ምን አገናኛቸው? ስሙን የማታውቂው ሰው እቤትሽ ምን ይሠራል?"

"እራቱን ይበላል።" ከዚያ ቀና ብላ አየችው። "ከተማ፣ አንተ ከገጠር የመጣህ ዕለት እዚያ መደብ ላይ ስትተኛ ስምህን ማን ጠየቀህ?"

ከተማ ወደ መደቡ አላየም። "እሱ ድሮ ነው እትዬ" አለ፤ አፉን አዳለጠው። ጓደኞቹ እንዳልሰሙ ለማድረግ ጮክ ብሎ "መታወቂያ!" አለው እንግዳውን። እንግዳው የያዘውን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሶ አኖረና ተነሣ። መታወቂያ አልነበረውም። እጆቹን ራሱ ወደ ኋላ አደረገላቸው፣ የለመደ ሰው እንደሚያደርገው።

አልጋነሽ ጥያቄዋን ሳትጠይቀው ሊወስዱት ነው። እነሱ ፊት ደግሞ ብትጠይቀው፣ ልጇም እሱም አንድ ላይ የሚያዙበትን ገመድ በእጇ መግመድ ይሆንባታል። የምትይዘው ጠፍቷት ዘወር ስትል ጫማዎቹን አየች።

"በባዶ እግሩ በዚህ ጭቃ አይሄድም" አለች። "ላድርግለት።"

ከበሩ የቆመው አንደኛው ጥበቃ "ወዴት የሚሄድ መስሏት ነው" ብሎ ሳቀ። ከተማ ግን "ቶሎ በይ" አለና ፊቱን ወደ ደጅ መለሰ። ለዚያ መደብ የከፈለው ይህንኑ ያህል ነው።

ተንበረከከች። የቀኙን አጠለቀችለት። የግራውን አጥልቃ ማሰሪያውን ስትይዝ እንግዳው እግሩን የሚያስተካክል መስሎ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ በሹክሹክታ። "ነገ ጠዋት ልነግርዎ ነበር።"

ጣቶቿ ማሰሪያው ላይ ቀሩ። ምኑን አላለችም። እስኪነጋ የሚጠበቅ ወሬ አንድ ብቻ ነው፤ ክርስቲያን ሆኖ፣ የእናት ልጅ ሆኖ፣ ያን ወሬ በማታ፣ ያልበላች ሴት ላይ የሚጥል የለም። ለካ ሁለቱም ሲጠባበቁ ነበር፤ እሷ እስኪበላ፣ እሱ እስኪነጋ።

"ፍጠኚ እንጂ" አለ አንዱ።

ማሰሪያውን ቋጠረችው። እንዳይፈታበት ደግማ ቋጠረችው፤ ለአጽብሐ በልጅነቱ እንደምታደርግለት። ከዚያ ይዘውት ወጡ። ደጁ ላይ ቆማ በመብራቷ ብርሃን ጀርባውን አየች። አንዱ እግር ከበድ፣ አንዱ ቀለል እያለ፣ የልጇ ጫማ ከሰው ልጅ ጋር ጨለማው ውስጥ ገባ።

ገበታው ፊት ተመልሳ ተቀመጠች። እንግዳ በልቶላታል። ስለቷን አድርሳለች፣ መብላት ትችላለች። ግን ገበታውን የሞላችው ለማን እንደ ሆነ አሁን ጠፋባት። እሱ መልሶ ያኖራትን ጉርሻ ረጅም ጊዜ ስታያት ቆየችና መሶቡን ከደነችው።

ጎህ ሲቀድ ማንም አልመጣም። ማን ይምጣ? መርዶውን የያዘው ሰው ተወስዷል። አልጋነሽ ራሷ ተነሥታ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና በሯን ከፍታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። እፀገነት ባልዲዋን ይዛ ወጣች፣ ነጠላውን አየች፣ ባልዲውን ጭቃው ላይ አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች። ጮኾ ማልቀስ ክልክል ነበርና ሁለቱም አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ተነቃነቁ። ሰፈሩ ሁሉ አይቶ እንዳላየ ወደ ጉዳዩ አለፈ።

ቀበሌው ጠርቶ ጥቂት ቀን አጎራት። የእንግዳውን ስም ንገሪ እያሉ እየተፈራረቁ ጠየቋት። ብትወድም የምትነግራቸው ስም አልነበራትም። በመጨረሻ ይህች አሮጊት ነክቷታል ብለው ለቀቋት። ስትወጣ ከተማን በር ላይ አገኘችውና "ያ እንግዳዬስ?" አለችው። ከተማ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ዓይኗን ሳያይ "ተዛውሯል" አላት። አሁን ቃሉን አውቃዋለችና ወዴት ብላ አልጠየቀችም።

በነሐሴ ሥላሴ ቀን ከቅዳሴ በኋላ አባ ተክለሃይማኖትን ጥግ ላይ ጠበቀቻቸው። የንስሐ አባቷ ናቸው።

"ለሁለት ነፍስ ይጸልዩልኝ አባቴ" አለቻቸው።

አባ ግራ ቀኝ አዩ። በዚያ ጊዜ ለሙታን መጸለይም በዘዴ ነበር። "ስመ ክርስትናቸውን ንገሪኝ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አንደኛው ወልደ ሥላሴ ነው።"

አባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሕፃኑን አጽብሐን ያጠመቁት እሳቸው ናቸው። "ሁለተኛውስ?" አሏት።

ያ ልጅም በዚህ ሰዓት የሆነ ቦታ ምሳውን ከድና የምትጠብቀው እናት አለችው። አልጋነሽ ስሙን ብታውቅ ፈልጋ አፈላልጋ፣ ጎህ ሲቀድ ደጇ ቆማ ትነግራት ነበር። እናቷ በልቶ ሳያድር አይጠየቅም ብላት ነበር፤ እሷም አልጠየቀችም፤ እሱም አላደረም።

"ስሙን አልጠየቅኩትም አባቴ" አለች። "በልቶ አልጨረሰም ነበር።"

አባ መስቀላቸውን ጨብጠው ቆሙ። ያለ ስም እንዴት ይጸለይለታል።

"እሱንም ወልደ ሥላሴ ይበሉት" አለች አልጋነሽ።